ስሙን ጋርደህ አምጣው

ሱቄን ከዘጋሁ ወዲህም ጥያቄው አልተወኝም። መስጊድ ደጃፍ፣ ለቅሶ ቤት፣ ሠርግ ላይ ሳይቀር ሰው ጠጋ ይልና፣ «አያ ይማም፣ ልጄ ኮርሳ ብስክሌት ካልገዛህልኝ ብሎ አስጨነቀኝ። የየት አገሩ ይሻላል?» ይለኛል። የየት አገሩ! የልጁን ቁመት አይነግረኝም። ልጁ ዳገት ይወጣ እንደሆን፣ ሜዳ ይሮጥ እንደሆን አይነግረኝም። ሚስት የሚያጭ ይመስል አገርና ዘር ይቆጥርልኛል። ድሮ በዚህ ነገር እቆጣ ነበር፤ አሁንም እቆጣለሁ። ጡረታ ወጣሁ እንጂ አልሞትኩም።

መካነ ሰላም ያለችው ሱቄ ዛሬ የባጃጅ ዕቃ መሸጫ ሆናለች። ልጄ «አባዬ፣ አሁን ብስክሌት ማን ይነዳል?» አለኝ፤ ሐቁን ነው፣ አልተከራከርኩትም። ግን የሥራ ዘመኔን ሙሉ እጄ ያለፈበትን ነገር ሳልናገር ብቀር ይቆጨኛል። አንድ ነገር ከወዲሁ ልናገር፦ እዚህ ጽሑፍ ውስጥ የአንድም ፋብሪካ ስም አልጠራም። ረስቼው አይደለም፤ ሁሉንም በቃሌ አውቃቸዋለሁ። አንድ ስም ከጠራሁ አንባቢው የቀረውን ሁሉ ትቶ እሱን ስም ብቻ ይዞ ገበያ ይወጣል። ሰውን አውቀዋለሁ።

ሥራውን የጀመርኩት ደርግ በወደቀ ማግስት ነው። እህል በጫነ መኪና ላይ ተሳፍሬ ደሴ ገባሁና ጋሽ መኮንን የሚባሉ ሰው የብስክሌት ጋራዥ ውስጥ ተቀጠርኩ። ጋሽ መኮንን ሙያውን የተማሩት አሥመራ፣ ከጣሊያኖች እጅ ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ የሸሚዛቸውን ቁልፍ እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ ሰው ነበሩ። ሲሠሩ አያወሩም። ጎማ እየዞረ ሰው ካናገራቸው እጃቸውን ብቻ ያነሳሉ፤ ጎማው እስኪቆም ድረስ ሰውዬው ይጠብቃል። ባለሥልጣንም ቢሆን ይጠብቃል። ኩሽኔታ ከመክፈታቸው በፊት እጃቸውን በሳሙና ይታጠባሉ። ሌላው መካኒክ የሚታጠበው ሠርቶ ሲጨርስ ነው፤ እሳቸው ሳይጀምሩ። «ግራሶው ውስጥ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ካስገባህ አንተ ቤትህ ስትተኛ እሷ ስትፈጭ ታድራለች» ይሉኝ ነበር።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ጨርቃቸው ነው። ብስክሌት ገና ከበር ሲገባ «ስሙን ጋርደው» ይሉኛል። ግድግዳው ላይ አንድ ረጅም ቁራጭ አቡጀዲ ተንጠልጥሎ ይውላል። እሱን አውርጄ ቴላዮው ላይ፣ የብስክሌቱ አጽም ላይ ማለቴ ነው፣ የፋብሪካው ስም በተጻፈበት ቦታ እጠመጥመዋለሁ። ከዚያ በኋላ ነው ጋሽ መኮንን ከመቀመጫቸው የሚነሱት። መጀመሪያ በአንድ እጃቸው ያነሱታል። ቀጥሎ ጎማውን ያሽከረክሩና ጆሯቸውን ያስጠጋሉ። የጎማውን ሽቦዎች በጣታቸው ጫፍ መታ መታ እያደረጉ የላላውን ከጠበቀው በድምፁ ይለዩታል። በመጨረሻ ከኪሳቸው ክር ያወጣሉ።

የክሩ ነገር እንዲህ ነው። አንዱን ጫፍ የኋላ ጎማ ከሚታሰርበት በቀኝ በኩል ይቋጥሩትና ወደ ፊት ስበው የመሪውን አንገት ያዞሩታል፤ ከዚያ በግራ በኩል ወደ ኋላ መልሰው ያስሩታል። ክሩ በግራም በቀኝም ተወጥሮ ሲያልፍ ከኮርቻው ሥር የቆመው ቱቦ መሀል ላይ ይቀራል። በቱቦውና በክሩ መካከል ያለውን ክፍተት በሁለቱም ጎን በማስመሪያ ይለካሉ። እኩል ከሆነ ቴላዮው ቀጥ ያለ ነው። እኩል ካልሆነ አንድ ቀን ከአንድ ነገር ጋር ተጋጭቷል ማለት ነው፤ ቀለሙ የፈለገውን ያህል ቢያብረቀርቅ።

አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ ጠየቅኳቸው። «ጋሽ መኮንን፣ ሰዎቹ ይከፋቸዋል እኮ። ያማረ ብስክሌታቸውን ቁስለኛ አስመስለን ምን ይሆናል?»

«ለእነሱ ብዬ መሰለህ?» አሉኝ። «ለራሴ ነው። እኔ የጣሊያን ስም ካየሁ ልቤ ይከዳኛል። ያደግኩበት ነው። ጠማማውን ቀና አድርጎ ያሳየኛል። ስለዚህ መጀመሪያ እጄ ይየው፤ ዓይኔ ኋላ ይደርሳል።»

ያን ጊዜ ብዙም አልገባኝም። ዛሬ ግን ስለ ሙያዬ ከሰማሁት ንግግር ሁሉ እሱን አስበልጣለሁ።

ከጋሽ መኮንን ጋራዥ የወጣሁት የዞኑ ስፖርት ጽሕፈት ቤት ለብስክሌት ቡድኑ መካኒክ ሲፈልግ ነው። ስሰናበታቸው አቡጀዲውን ከግድግዳው አውርደው አጣጥፈው ሰጡኝ። «ሌላ እቆርጣለሁ» አሉ፤ ከዚያ ዞር ብለው ሥራቸውን ቀጠሉ። ስለ ደመወዙ አላወራም፤ ኮርሳ ነጂዎቹም ከእኔ የተሻለ አይበሉም ነበር። አለቆቼ ብዙ ናቸው። አንደኛው ሪፖርት ይወዳል፤ ቡድኑ ተሸንፎ ሲመጣ ሪፖርቱ ላይ «አበረታች ውጤት» ብሎ ይጽፋል። ሌላው ደግሞ የቻይና ዕቃ በዓይኑ ማየት አይወድም። አንድ ገጠር ወረዳ ለግብርና ሠራተኞች ብስክሌት መጥቶለት ገጥመህ ና ተብዬ ሄድኩ። የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ኃላፊም «የቻይና ነው፣ ሰው ይፈጃል» ብሎ መጋዘን ቆልፎባቸው ነበር። የተሻለ እስኪመጣ! አይጥ ጎማቸውን በላው፤ ሠራተኞቹም በእግራቸው ቀበሌ ለቀበሌ ሲኳትኑ ከረሙ። ቁልፉን ተቀብዬ፣ የተበላውን ጎማ ቀይሬ፣ ገጣጥሜ ሰጠኋቸው፤ እስከ ዛሬ ያገኘኝ ሁሉ ይመርቀኛል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፤ ወደ ጀማል።

ጀማል የመካነ ሰላም ልጅ ነው። ቁመቱ አጭር፣ ባቱ እንደ ሙቀጫ። አጎቱ ሐጂ ሰይድ የታወቁ ነጋዴ ናቸው፤ የእሳቸውን ጨርቃ ጨርቅ በከባድ የቻይና ብስክሌት ጭኖ ያን ኮረኮንች እስከ ወግዲ ድረስ ያመላልስ ነበር። አንድ በዓል ላይ አገሬ ገብቼ ሳየው ዳገቱን ከነሸክሙ ከኮርቻው ሳይነሳ ወጣው። «ወላሂ ይሄ ልጅ እዚህ የሚቀር አይደለም» አልኩ። ደሴ ወስጄ ከቡድኑ ቀላቀልኩት።

የልጁ አባት ሞቷል። እናቱንና እሱን የምታኖረው ታላቅ እህቱ ዘሀራ ናት። ዘሀራ ጅዳ ሰው ቤት ትሠራለች። ጀማል ቡድን ውስጥ መግባቱን ስትሰማ በስልክ እንዲህ አለችው፦ «አዲስ አበባ ክለብ ገብተህ ደመወዝተኛ የሆንክ ቀን እኔ ሻንጣዬን እዘጋለሁ። እስከዚያ አብሽር፣ አለሁ።» ክለብ የሚያስገባው ደግሞ የዞኑ የምርጫ ውድድር ነው፤ አንደኛ የወጣ ይወሰዳል። እንግዲህ ለሌላው ተወዳዳሪ ሩጫ ነው፤ ለጀማል የእህቱ አገር መግባት ነው። እኔም ይህን እያወቅኩ ነው መፍቻ የማነሳው።

ዘሀራ ለጀማል የውድድር ብስክሌት መግዣ የሚሆነውን ላከች። አገር የሚያክል ብር ነው፤ ከዚህ በላይ አልናገርም። የቤቱ አባወራ አጎትየው ስለሆኑ ሐጂ ሰይድ፣ ጀማልና እኔ ሦስት ሆነን ልንገዛ አዲስ አበባ ሄድን።

ሐጂ ሰይድ የጣሊያን ሰው ናቸው። አትሳቁብኝ፤ እዚሁ ወሎ ቦረና ተወልደው ያደጉ ሰው ናቸው፣ ልባቸው ግን ጣሊያን ነው። ምክንያትም አላቸው። አሮጌ የጣሊያን የጭነት መኪና አለቻቸው። ክረምት ላይ የደሴ መንገድ ጭቃ ሲሆን የሌላው መኪና ሁሉ እስከ ሆዱ ይሰምጣል፣ የእሳቸው እያቃሰተች ትወጣለች። ባለቤታቸው ምጥ ጠንቶባቸው ደሴ ሆስፒታል በሕይወት የደረሱት በዚያች መኪና ጋቢና ውስጥ ነው። «እኔን የጣሊያን ነገር አሳፍሮኝ አያውቅም» ሲሉ እንዲሁ ለወሬ አይደለም። ሚስታቸውንና ልጃቸውን ያተረፈላቸውን አገር ማን በምን አፉ ይነቅፋል?

አንድ ሱቅ ውስጥ ሁለት ብስክሌት ቀረበልን። አንደኛው ቀይ ነው። ከውጭ የመጣ፣ የተነዳ፣ የታወቀ የጣሊያን ስም በነጭ ፊደል ከጫፍ እስከ ጫፍ የተጻፈበት። ሌላው ግራጫ ነው። የታይዋን ሥሪት፣ አዲስ፣ ስሙ በትንሹ ጥግ ላይ የተቀመጠ፣ ማንም ሰምቶት የማያውቅ። ጀማል እንኳ ቀዩን ሲያይ ምራቁን ዋጠ።

አቡጀዲዬን አወጣሁና ለሁለት ቀድጄ የሁለቱንም ስም ጋረድኩ።

«ምነው ይማም፣ ሒጃብ አለበስካቸው?» አሉ ሐጂ። ባለሱቁም ሳቀ።

«አዎ ሐጂ፣ መልክ አይተን እንዳንሳሳት ነው» አልኩ።

ግራጫውን አነሳሁት፣ አዞርኩት፣ ክር አሰርኩበት። በግራም በቀኝም እኩል። ጀማል ሲቀመጥበት የተሰፋለት ልብስ ይመስል ልክ ሆነ። ወደ ቀዩ ዞርኩ። ክሩ በአንዱ በኩል ቱቦውን ሊነካ ምንም አልቀረው፣ በሌላው በኩል ጣቴ ያልፋል። ጎንበስ ብዬ ከመሪው አንገት ሥር በጣቴ ስዳብስ ቀለሙ ሥር ትንሽ እብጠት አገኘሁ። ይሄ ብስክሌት አንድ ቀን በአፍንጫው ግድግዳ መትቷል። ከዚያም አልፎ ለጀማል ትልቅ ነው፤ መሪውን የሚይዘው ተንጠራርቶ ነው።

«ሐጂ፣ ቀዩ ጠማማ ነው። ለልጁም አይሆንም። ግራጫውን እንውሰድ።»

ሐጂ ጨርቁን ከቀዩ ላይ ቀስ ብለው ፈቱት። ስሙን አዩ። ፊታቸው በራ። «ይማም፣ እጅህ ይባረክ፣ ሥራህን ሠርተሃል» አሉኝ። «ግን እወቅ፤ ጣሊያን ተጣሞም ከቀና ታይዋን ይበልጣል!»

«ኧረ ሐጂ፣ አፈር ስሆን! ልጁ ዳገት የሚወጣው በስም ነው?»

«ያቺ ልጅ አረብ አገር ላቧን ያፈሰሰችው ስም ለሌለው ነገር አይደለም!» አሉ ኮስተር ብለው። ጀማልን አየሁት። አንገቱን ደፋ። አጎቱ ፊት ምን ይበል? ቀዩ ተገዛ።

ደሴ ስንመለስ ብስክሌቱን ጋሽ መኮንን ዘንድ ወሰድኩት። አርጅተዋል፣ ዓይናቸው ደክሟል፣ የሸሚዛቸው ቁልፍ ግን እስከ አንገታቸው እንደተቆለፈ ነው። እንደ ደንባችን ስሙን ጋርጄ አቀረብኩላቸው። ዳበሱት፣ ክር አሰሩበት፣ ለኩት።

«ይሄን ማቃናት ይቻላል፤ ማዳን ግን አይቻልም» አሉ በመጨረሻ። ከዚያ ጨርቁን ራሳቸው ፈትተው ስሙን አዩ። ቱቦውን በመዳፋቸው እንደ ፈረስ አንገት ደባበሱት። «እህ» አሉ፤ «ይሄን ነበር እኮ እኔ በልጅነቴ የምወለውለው።» ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

ሁለታችን ሆነን የሚቻለውን ሁሉ አደረግን። በእንጨት ጉማጅ እየደገፍን፣ ሳናሞቅ፣ በጥቂት በጥቂቱ እየገፋን ክሩ እኩል እስኪሆን አቃናነው። ፎርኬታውን፣ የፊት ጎማውን የሚይዘውን ሹካ ማለቴ ነው፣ ቀየርኩ። ኮርቻውን ወደ ፊት አመጣሁ፣ የመሪውን ማያያዣ አሳጠርኩ። ከዚያ በላይ የሰው እጅ የሚያደርገው የለም፤ ይህን ዛሬም ደረቴን ነፍቼ እናገራለሁ።

ውድድሩ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ቁልቁል ወርዶ ያንኑ ዳገት ተመልሶ መውጣት ነው። እኔ የቡድኑ ፒክአፕ ላይ ሆኜ ከኋላ እከተላለሁ። ገና ቁልቁለቱ ሲጠነክር የቀዩ መሪ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ተጣሞ የቀና ብረት እንዲህ ነው፤ በዝግታ ሲሄድ ጨዋ ነው፣ ሲፈጥን አመሉ ይመጣል። ጀማል ፍሬን ያዘ፣ ለቀቀ፣ ያዘ። «ተወው፣ ቀስ በል፣ ተወው!» እያልኩ ጮኽኩ፤ ማን ይሰማኛል? አንድ ኩርባ ላይ ብስክሌቱ ከሥሩ አመለጠና ልጁ አስፋልቱ ላይ ተንከባለለ።

ስደርስ ትከሻውን ይዞ ተቀምጧል። አጥንቱ ተሰብሯል። እሱ የሚያለቅሰው ግን ለትከሻው አይደለም። «አያ ይማም፣ ለዘሀራ ምን ልበላት? ምን ልበላት?» ይላል። ብዙ ብስክሌት ጠግኛለሁ፣ ብዙ ሽንፈትም አይቻለሁ። ያን ቀን ግን ክር አስሬ፣ ለክቼ፣ እውነቱን በማስመሪያ አሳይቼ አንድ ስም አሸነፈኝ። በሙያዬ እንዲህ የተሸነፍኩበት ሌላ ቀን የለም።

ሐጂ ሰይድ ሆስፒታል መጡ። ስንቅ ይዘዋል፣ ፊታቸው ገርጥቷል፣ ልጁን ግንባሩን ሳሙት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «አልሐምዱሊላህ! ጣሊያን ባይሆን ኖሮ ልጁ ሞቶ ነበር!»

ምን ይባላል? መንገዱን ወቀሱ፣ ነፋሱን ወቀሱ፣ የሰው ዓይን ነው አሉ። ቀዩ ብቻ ንጹሕ ሆነ።

ዘሀራ ሻንጣዋን አልዘጋችም። ኮንትራቷን አሳደሰች። ጀማል ሲድን ግን ደወለች፤ በዚህ ጊዜ ለአጎቷ ሳይሆን ለእኔ ነው።

«አያ ይማም፣ አሰላሙ አለይኩም። አንድ ነገር ልጠይቅዎት፣ አይደብቁኝ። ያን ጊዜ እርስዎ የመረጡት የቱን ነበር?»

«ግራጫውን ነበር እህቴ።»

«አሁንም ይገኛል?»

«እሱ ራሱ ባይሆን ወንድሙ አይጠፋም።»

«ቀዩን ሽጡት፤ የጎደለውን እኔ እልካለሁ። እሱን ግዙልኝ። አጎቴን እኔ አናግራቸዋለሁ።»

እንዴት እንዳናገረቻቸው አላውቅም። ሐጂ ግን እሺ አሉ። እሺ ሲሉ ደግሞ እሬት እንደ ጠጣ ሰው ነው። ግራጫው ተገዛ፤ እኔም ከፍቼ ኩሽኔታውን አጥቤ ግራሶ ቀይሬ፣ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ በጣቴ እየመታሁ ድምፃቸው እስኪስማማ ድረስ አጠበቅኳቸው። እጄን በሳሙና ታጥቤ ነው የጀመርኩት፤ ጋሽ መኮንን ያን ዓመት አርፈው ነበር፣ ግን የሚያዩኝ ይመስለኛል።

በሁለተኛው የምርጫ ውድድር ዋዜማ ሐጂ ደሴ መጡና «ብስክሌቱን ለአንድ ሰዓት ስጠኝ፣ ፎቶ ላስነሳው» አሉኝ። ሰጠኋቸው። ሲመልሱት በዓይኔ አላመንኩም። ስቲከር ቤት ወስደው የዚያን የጣሊያን ፋብሪካ ስም በቀይ ፊደል ከጫፍ እስከ ጫፍ አስለጥፈውበታል!

«ሐጂ! ምን አደረጉት?»

«ምን አደረግኩት? ልብስ አለበስኩት! ልጁ ራቁቱን ብስክሌት ይዞ ሰው ፊት ይቁም?»

ልልጠው ስል ጀማል እጄን ያዘኝ። «ተዋቸው አያ ይማም። ደስ ይበላቸው። ስቲከር አይከብደኝም።» እሱም እውነቱን ነው። ተውኩት፤ ተናድጄ ግን ማታውን እህል አልቀመስኩም።

በማግስቱ ቁልቁለቱን ጀማል ከፊተኞቹ ጋር እጁን ዘና አድርጎ ወረደው። ግራጫው ባቡር ሐዲዱን እንደሚይዝ መንገዱን ያዘ። ኮምቦልቻ ዞረው ዳገቱን ሲጀምሩ አምስት ሆነው ነበር፤ ከዚያ ሦስት ሆኑ፤ ከዚያ አንዱ ብቻ ቀረው። ጀማል ካምቢዮውን አንድ ጥርስ አከበደና ከኮርቻው ተነሳ። ያን የወግዲን ዳገት ከነጣቃው የወጣ ባት ሥራውን ጀመረ። እኔ ፒክአፑ ላይ ቆሜ የሾፌሩን ጣሪያ በጡጫ እደበድባለሁ። ደሴ ሲገባ ከኋላው ሰው አልነበረም።

ሐጂ ሰይድ ሕዝቡን ሰንጥቀው መጥተው አቀፉኝ። እንባቸው ጢማቸው ላይ ይወርዳል። ጆሮዬ ሥር ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «አላልኩህም ይማም? ጣሊያን ነው!»

ወላሂ የቀለዱ መስሎኝ ነበር። አልቀለዱም። ስቲከሩን ራሳቸው ለጥፈው ራሳቸው አምነውታል። መካነ ሰላም ገብተው ለገበያው ሁሉ «በጣሊያኑ አሸነፈ» ብለው አወሩ። አጅባር ገበያ ድረስ ወሬው ደረሰ። ዓመት ሳይሞላ አገሬ ገብቼ ሱቅ ስከፍት የመጀመሪያው ደንበኛዬ «የጀማልን ዓይነት ጣሊያን አምጣልኝ» ያለኝ ሰው ነው። ግራጫው ምስኪን፣ ዳገቱን እሱ ወጥቶ ምስጋናውን ሌላ ወሰደው። ይህ ነገር እንደ እሾህ ተሰክቶብኝ ቀረ።

ጀማል ክለብ ገባ። ዘሀራም ኮንትራቷ ሲያልቅ መጣች።

እናትየው ቤት ድግስ ሆነ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በየሥጋው ተጋብዞ ሳሎኑ ሞልቷል። ጀማል ለእህቱ ብሎ ብስክሌቱን ይዞ መጥቶ ግድግዳው ሥር አቁሞታል። ሐጂ ከእንግዳው ጋር ያስተዋውቋታል። «ይህቺ ናት የጅዳዋ ልጃችን!» ይላሉ። ጎረቤቱም «የጅዳዋ፣ እንኳን ደህና መጣሽ» ይላታል። እሷ ፈገግ ትላለች። ከስታለች። እጇ ላይ በበረኪና የተላጠ ቆዳ አየሁ።

ሐጂ ወደ ግድግዳው ወሰዷት። «እነሆ! ያመጣሽ እሱ ነው። ጣሊያኑ!»

ዘሀራ ቀረብ ብላ አየችው። ከቀዩ ፊደል ሥር በትንሹ የተጻፈው ስም ጥላው ይታያል።

«አያ ይማም፣ እኔ ያስገዛሁት ግራጫውን አልነበረም?»

«ራሱ ነው» አልኩ።

«ታዲያ ይሄ ጽሑፍ?»

«ለክብሩ ነው እናቴ» አሉ ሐጂ። «ሰው እንዳይንቀው።»

ዘሀራ ወደ አጎቷ ዞረች። ከዚያ ድምጿን ሳታነሳ መናገር ጀመረች።

«አጎቴ፣ እዚያ ስንደርስ ኤጀንሲው በተርታ ያስቀምጠን ነበር። ማዳሞቹ ገብተው መጀመሪያ የሚጠይቁት አገር ነው። የዚህ አገር ንጹሕ ናት፣ የዚያ አገር ሰነፍ ናት፣ ይባላል። ምን እንደምችል የጠየቀኝ የለም። የወሰደችኝ ማዳም ቤቷ ስገባ ‹ከአንቺ በፊት የነበረችው ማርያ ትባል ነበር፣ ልጆቹ ለምደውታል፣ አንቺም ማርያ ነሽ› አለችኝ። የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ልጆቹን ያሳደግኩት፣ አሮጊቷን ያስታመምኩት እኔ ነኝ። ያንን ሁሉ ዓመት በሌላ ሰው ስም ሲጠሩኝ አቤት እል ነበር።»

እጇን ቱቦው ላይ አደረገች። «ይሄም ዳገቱን የወጣው እሱ ነው።»

የስቲከሩን ጠርዝ በጥፍሯ ያዘችው። የሚከለክላት አልነበረም። ፊደል በፊደል እየተላጠ ወረደ። ሙጫው ሲቀር «ላምባ አምጡልኝ» አለች። እኔ ከኪሴ የጋሽ መኮንንን አቡጀዲ አውጥቼ ሰጠኋት። ያ ጨርቅ በእሳቸውም በእኔም እጅ ስም ሲሸፍን የኖረ ነው፤ ያን ቀን በእሷ እጅ ስም ገለጠ። ማልቀሴን አልደብቅም።

ሐጂ ሰይድ የተላጠውን ቀይ ወረቀት ከመሬት አንስተው በመዳፋቸው ይዘው ቆሙ። የቆሰለ ነገር የያዙ ይመስላሉ። ከዚያ ወደ በረንዳው ወጡ። ሰው ሁሉ አኮረፉ ብሎ ተሳቀቀ፤ እናትየውም «እንግዲህ አንቺ ልጅ» ማለት ጀመረች። ጥቂት ቆይተው ተመለሱ። መነጽራቸውን ሊያመጡ ኖሯል። ብስክሌቱ አጠገብ በርከክ አሉና ያቺን ትንሽ ጽሑፍ ትክ ብለው አዩዋት። ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ፤ አልሆነላቸውም።

«ይሄን እንዴት ነው የሚያነቡት?» አሉ። «ማን ልበለው? አንቺ የጅዳዋ…»

ቃሉን አልጨረሱትም። ቀና ብለው አዩዋት።

«ዘሀራ!» ብለው ተጣሩ፤ ከፊታቸው ቆማለች፣ እሳቸው ግን ከማዶ እንዳለ ሰው ነው የጠሯት። «ዘሀራ ልጄ!»

«አቤት!» አለች።